የአባዬን ኩላሊት በምን ሳሙና ያጥቡታል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦

ሰላም ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሴቷ 5 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ ደግሞ 10 ሞልቶታል።

የባለቤቴ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ ካቆሙ 7 ወር ሆነ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እጥበት ይሄዳል። ጠዋት በ12 ሰዓት ይወጣል፣ ሲመለስ ድክም ብሎት ይተኛል። ለልጆቹ ምንም አልነገርናቸውም። «አባዬ ሥራ በዝቶበት ነው» እንላቸዋለን። አማቴም «ልጅ ምን ያውቃል፣ ለምን ልባቸውን ታስጨንቂዋለሽ» ይላሉ።

አሁን ግን ግራ ገባኝ። ትንሿ ውሃ አልጠጣም ማለት ጀምራለች። ትምህርት ቤት ይዛው የምትሄደው ኮዳ እንደሞላ ይመለሳል። ባለፈው ሳምንት ስልክ ሳወራ ሰምታ «የአባዬን ኩላሊት በምን ሳሙና ያጥቡታል?» አለችኝ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

ወንዱ ዝም ይላል። አባቱ የጠጣበትን ብርጭቆ አይነካም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ በድምፅ ማጉያ እርዳታ የሚጠይቅ መኪና ቆሞ ነበር። የታማሚው ፎቶ በትልቁ ተለጥፏል። «ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል፣ ሕይወቱን አትርፉለት» ይላል። ልጄ እጄን ጭምቅ አድርጎ ያዘኝ። ማታ ላይ «እማዬ፣ ኩላሊት ስንት ብር ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «በል ተኛ» አልኩት።

ልንገራቸው? ብነግራቸውስ በዚህ ዕድሜያቸው ምን ይገባቸዋል?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በመጀመሪያ አይዞሽ። ባለቤትሽን በሳምንት ሦስት ቀን እየሸኘሽ፣ ቤቱን ይዘሽ፣ በዚያ ላይ የልጅሽ ኮዳ እንደሞላ መመለሱን አስተውለሻል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለጥያቄሽ መልሴ አዎ ነው። ንገሪያቸው። ግን ከመናገርሽ በፊት ጠይቂያቸው። ምን እንደሚያስቡ ሳታውቂ ብትነግሪያቸው፣ ያንቺ ቃል እነሱ ቀድመው በሠሩት ታሪክ ላይ ይደረባል እንጂ ታሪኩን አያፈርሰውም። ልጆችሽ ታሪክ ሠርተዋል። ሳሙናውም፣ ብርጭቆውም፣ የኩላሊት ዋጋውም የዚያ ታሪክ ቁራጮች ናቸው።

ይህን የምልሽ 34 ዓመት በልጆች ሕክምና ክፍል በነርስነት ስለሠራሁ ብቻ አይደለም። እኔም በልጅነቴ አንድ ታሪክ ሠርቼ ነበር።

ያደግኩት ፒያሳ፣ ሰባ ደረጃ አጠገብ ነው። የ6 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በ1962 ዓ.ም.፣ ከታናሽ ወንድሜ ጋር በሸንኮራ አገዳ ተጣላን። ትልቁን ቁራጭ እሱ ወሰደብኝ። «ሙት!» አልኩት። የሰፈር ልጅ ሁሉ የሚለው ቃል ነው። በሁለተኛው ቀን ወንድሜን ትኩሳት ያዘው። ከዚያ ሽፍታ ወጣበት። ኩፍኝ ነበር። መስኮቱ በነጠላ ተጋረደ። እኔ ጎረቤት እንዳድር ተላክሁ። ስመለስ አልጋው ባዶ ነው። «ደብረ ብርሃን፣ አያቱ ጋ ሄዷል» አሉኝ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ሰዉ ያለቅሳል፣ እኔ ስገባ ዝም ይላል።

ከዚያ በኋላ በር ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቀው ነበር። ደብረ ብርሃን እንዳለ ግማሽ ልቤ ያምናል። ግማሽ ልቤ ደግሞ የገደልኩት እኔ እንደሆንኩ ያውቃል። ሁለቱ በአንድ ልጅ ልብ ውስጥ ተስማምተው ይኖራሉ። ለብዙ ዓመት ሸንኮራ አልነካሁም። እናቴ ጥርሴን የሚያመኝ ይመስላት ነበር።

ለእናቴ የነገርኳት ነርስነት ተምሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ኩፍኝ በቫይረስ እንደሚመጣ፣ በትንፋሽ እንደሚተላለፍ ለፈተና አጥንቼዋለሁ። በአገራችን የልጆች ክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. እንደሆነ፣ ለወንድሜ 10 ዓመት እንደዘገየበትም አውቃለሁ። ያም ሆኖ ውስጤ አላረፈም ነበር። እናቴ ቡና እየቆላች ነበር። ምጣዱን ከእሳቱ አወረደችና «ምነው ያኔ ብትነግሪኝ ልጄ?» አለችኝ። «ማን ጠየቀኝ?» አልኳት። ተቆጥቼ አልነበረም። እውነቱ እሱ ነው።

ስለዚህ አማትሽ «ልጅ ምን ያውቃል» ሲሉ በደግነት እንደሆነ ይገባኛል። የኔም ዘመዶች በደግነት ነው ደብረ ብርሃን የላኩት።

አሁን ወደ ዕድሜ ነገር ልግባ፤ የጠየቅሽው እሱን ነውና። የልጆችን አስተሳሰብ ያጠና የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ ለልጆች አንዲት ትንሽ ታሪክ ይነግራቸው ነበር። ፖም ሰርቆ የሚሸሽ ልጅ የበሰበሰ ድልድይ ላይ ሲደርስ ድልድዩ ተሰብሮ ውሃ ውስጥ ይወድቃል። «ባይሰርቅስ ይወድቅ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ትንንሾቹ አይወድቅም ነበር ይላሉ። ድልድዩ ራሱ ሌባ የሚያውቅ ይመስላቸዋል። በሽታንም እንደዚያ ነው የሚያዩት። ጥፋት ካለ ቅጣቱ ራሱ ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ ሮጀር ባይቤስና ሜሪ ዋልሽ የተባሉ አሜሪካ ውስጥ የሠሩ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የ4፣ የ7 እና የ11 ዓመት ልጆችን ስለ በሽታ ጠይቀው ያገኙትን አሳተሙ። «ሰው ጉንፋን የሚይዘው እንዴት ነው?» የሚል ጥያቄ ነበረበት። በጣም ትንንሾቹ ከሩቅ ያለ ነገር ይጠራሉ፤ ለምሳሌ ፀሐይ። ፀሐይዋ እንዴት እንደምታሳምም ግን መናገር አይችሉም። ትንሽ ከፍ ሲሉ በሽታ አጠገቡ ከቆሙት ሰው ወይም ነገር የሚመጣ ይሆናል። 7 ዓመት ገደማ ላይ ቆሻሻ፣ መንካት፣ ጀርም ይመጣል። ከዚያ በሽታው ወደ ውስጥ እንደሚገባ፣ በአፍ ወይም በአፍንጫ፣ ይገባቸዋል። 11 ዓመት አካባቢ ሲደርሱ ስለ ውስጥ አካላት ማውራት ይችላሉ፤ ልብ ይህን ይሠራል፣ ሳንባ ያንን ይሠራል፣ ሥራው ሲበላሽ ሰው ይታመማል ይላሉ። ጭንቀት ራሱ ሰውነትን እንደሚያሳምም የሚገባቸው በመጨረሻ ነው።

የፀሐይዋን ነገር ሳነብ የኛ ቤት ነው ትዝ ያለኝ። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ራሱ ከፀሐይ ሲገባ «ምች መታኝ» ብሎ ዳማከሴ ያሽታል። የኛ ልጅ «ፀሐይ አመመችኝ» ቢል ከእኛው የሰማውን ነው የሚመልሰው። ልጆች በሽታን የሚማሩት ከቃላችን ነው። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሴት ልጅሽ ሳሙና የመጣው ከዚሁ ነው።

እኛ «የኩላሊት እጥበት» እንላለን። ለ5 ዓመት ልጅ እጥበት ማለት ሳፋ፣ ውሃና ሳሙና ነው። እኔ በነበርኩበት ክፍል 9 ዓመት የሆነው አንድ ልጅ ነበር። «ስኳር አለብህ» ተብሎ ሲነገረው ሦስት ቀን ሙሉ ከማንም ጋር አላወራም። በኋላ አጠገቡ ተቀምጬ «ስኳር ከየት የመጣብህ ይመስልሃል?» አልኩት። ከቁም ሳጥን እየሰረቀ የላሰውን ስኳር ነገረኝ። በማንኪያ ቆጥሮታል። በልጅነት የሚጀምረው የስኳር በሽታ ስኳር በመላስ አይመጣም። ቆሽት ኢንሱሊን የሚያመነጩ ሴሎቿን ሰውነት ራሱ ስለሚያጠፋባት ነው። ይህን ግን ማንም አላብራራለትም፤ በሽታው ስሙ ስኳር ነው፣ እሱ ደግሞ ስኳር ሰርቋል። «ነቀርሳ»ም እንዲሁ ነው። ካንሰርንም ሳንባ ነቀርሳንም በአንድ ቃል እንጠራለን። አያቱ ካንሰር የያዛት ልጅ ትምህርት ቤት «ነቀርሳ በሳል ይተላለፋል» ብሎ ተምሮ ቢመጣ፣ አያቱን መሳም ቢፈራ አይፈረድበትም።

እንግዲህ ትንሿን እንዲህ አድርጊ። ወጥ ቤት ውሰጃት። ሻይ አፍልተሽ በማጥለያ አጥሊላት። ቅጠሉ ማጥለያው ላይ ይቀራል፣ ሻዩ ይወርዳል። «ኩላሊት እንደዚህ ነው። ደማችንን ያጠራል። ቆሻሻው ደግሞ ሽንት ሆኖ ይወጣል። የአባዬ ኩላሊት ማጥራት አቁሟል። ስለዚህ ሐኪም ቤት ያለ ማሽን ያጠራለታል» በያት። እጇን ጨብጣ ታሳይሽ። የሰው ኩላሊት የራሱን ጭብጥ ያህላል፤ ሁለት ነው፣ ጀርባ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ይቀመጣል። ኩላሊቱን ማንም አያወጣውም፣ ሳሙናም የለም። ደሙ በቀጭን ቱቦ ወጥቶ፣ ተጣርቶ፣ ይመለስለታል። 4 ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ ነው አባዬ ደክሞት የሚመጣው። ይህን ያህል ለ5 ዓመት ይበቃል። በሌላ ቀን እንደገና ትጠይቅሻለች፣ እንደገና ትነግሪያታለሽ። ልጅ በአንድ ጊዜ አይጨርስም።

ስለ ውሃው እኔ ከዚህ ሆኜ ልገምት እችላለሁ። ባለቤትሽ ፈሳሽ እንዲቀንስ ታዞ ይሆናል፤ እጥበት ላይ ያለ ሰው ሽንቱ ስለሚቀንስ የጠጣው ውሃ ሰውነቱ ውስጥ ይከማቻል። ልጅሽ አባቷ ውሃ እንቢ ሲል አይታለች። ውሃ ያሳመመው መስሏት ይሆናል። ወይም አባቷን ስለምትወድ እሱ ያልጠጣውን አልጠጣም ብላ ይሆናል። ወይም እሱ እንዲጠጣ የሷን እያስቀረችለት ይሆናል። መልሱ እሷ ጋ ነው። «ውሃ ብትጠጪ ምን ይሆናል?» ብለሽ ጠይቂያት፤ ከዚያ ዝም ብለሽ ጠብቂ። ስትነግርሽ እንዳትስቂ። ቀጥለሽ «የአባዬ ኩላሊት ውሃ ማውጣት ስለማይችል ነው ትንሽ የሚጠጣው። ያንቺ ኩላሊት ደህና ነው፣ ውሃ ይፈልጋል» በያት። ከሁሉ የሚሻለው አባቷ ራሱ ኮዳዋን ሞልቶ ቢሰጣት ነው።

ባለቤትሽ ክንዱ ላይ ፊስቱላ ተሠርቶለት ከሆነ ሌላም ነገር አለ። ፊስቱላ ማለት ሐኪሞች የደም ቅዳና የደም መልስ ሥርን አገናኝተው የሚሠሩት ነው። ቀስ ብለሽ ጣትሽን ብታሳርፊበት ዝዝዝ ይላል። ሐኪሙ ከፈቀደ፣ ልጅሽ እጇን ታጥባ፣ ሳትጫን ትንካው። ብዙ ልጆች ያንን ድምፅ ይወዱታል። አስፈሪው ክንድ የሚያወራ ክንድ ይሆናል። አንገቱ ወይም ደረቱ ላይ ቱቦ ከሆነ ያለው ግን መንካት አይቻልም። «ሐኪሞቹ ያስገቡለት በር ነው፣ ንጹሕ መሆን ስላለበት በፋሻ ሸፈኑት» ማለት ይበቃል።

አንድ ዓረፍተ ነገር ግን እንዳትዘይው፦ «አንቺ ምንም አላደረግሽም። በመጮህሽም፣ በመረበሽሽም፣ በመናደድሽም አይደለም አባዬ የታመመው።» ባትጠይቅሽም ንገሪያት። የ6 ዓመቷ እኔም አልጠየቅኩም ነበር።

ወደ ወንዱ ልምጣ። እውነቱን ለመናገር ይበልጥ ያሳሰበኝ እሱ ነው፤ ዝም ያለው እሱ ነውና።

ብርጭቆውን የማይነካው ክፉ ሆኖ አይደለም። 10 ዓመት የጀርም ዕድሜ ነው። ትምህርት ቤት በሽታ በንክኪ እንደሚተላለፍ ተምሯል። በኮሮና ጊዜ ደግሞ ገና ሕፃን ነበር፤ «አትንካ፣ እጅህን ታጠብ» እየተባለ ነው ያደገው። ስለዚህ በሽታ ሁሉ የሚተላለፍ ይመስለዋል። እሱ ለሳይንስ ቅርብ ነው፣ አንድ ደረጃ ብቻ ቀርቶታል። «የሚተላለፉ በሽታዎች አሉ፣ የማይተላለፉም አሉ። የኩላሊት መድከም ከብርጭቆ፣ ከመሳም፣ ከአልጋ አይተላለፍም» በይው። ሰውን ለዚህ የሚያደርሱት አብዛኛውን ጊዜ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ናቸው። የባለቤትሽ መነሻ ምን እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁና ለልጁ በትክክለኛ ስሙ ንገሩት። ከዚያ አንቺ ባለቤትሽ በጠጣበት ብርጭቆ ጠጪ። አይቶ ያምናል።

«ኩላሊት ስንት ብር ነው?» ያለሽን ደግሞ ተመልሰሽ አንሺው። «ያን ማታ የጠየቅከኝን ሳልመልስልህ አስተኛሁህ፤ ደንግጬ ነው» በይው። ከዚያ «ለምን ጠየቅከኝ?» በይው። ምናልባት እያሰበ ያለው የአባቱ ፎቶ መኪና ላይ የሚለጠፍበትን ቀን ነው። ምናልባት ገንዘብ ሊያጠራቅም አስቧል። የራሱን ኩላሊት ሊሰጥ አስቦም ይሆናል፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ወንድ ልጅ እንዲህ ያለውን በዝምታ ይወስናል። ኩላሊት እንደማይሸጥ፣ መሸጥና መግዛቱ በሕግ የተከለከለ እንደሆነ ንገሪው። ንቅለ ተከላ የሚባል ሕክምና እንዳለ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 እንደተጀመረ፣ የሚሰጠው ሰው ግን አዋቂ መሆን እንዳለበት፣ ልጅ እንደማይሰጥ አስረጂው። ትከሻው ላይ የጫነውን ያኔ ታወርጂለታለሽ።

ምናልባት «ይህ ሁሉ ለ10 ዓመት ልጅ አይከብድም ወይ?» ትይኝ ይሆናል። ማይራ ብሉቦንድ-ላንግነር የምትባል አንትሮፖሎጂስት (የሰዎችን አኗኗርና ባህል የምታጠና) በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የደም ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ጋር ብዙ ጊዜ አሳልፋለች። አብዛኞቹ ከ3 እስከ 9 ዓመት ናቸው። ወላጅም ሐኪምም አልነገራቸውም። ልጆቹ ግን እንደሚሞቱ ያውቁ ነበር። ከዚያም አልፎ ወላጆቻቸው እንዳይጨነቁ የማያውቁ መስለው ይኖሩ ነበር። ዕድሜ ብቻ አይደለም የሚወስነው፤ የሚያዩት ነገርም ያስተምራቸዋል። የኔ ክፍል ልጆችም እንደዚያ ነበሩ። የሆስፒታል ልጅ በ6 ዓመቱ ስለ መድኃኒቱ የሚያውቀውን የሰፈር ልጅ በ12 ዓመቱ አያውቀውም። የአንቺም ልጅ 7 ወር ሙሉ ሲያይ ነው የከረመው። ከባዱን ተሸክሞታል፤ አንቺ የምትገቢው ልታግዢው ነው።

«አባዬ ይሞታል?» ብሎ ይጠይቃል። ተዘጋጂ። 5 ዓመት ያልሞላው ልጅ ብዙ ጊዜ ሞት የሚመለሱበት ነገር ይመስለዋል። 7 ዓመት አካባቢ ግን ብዙዎቹ ሞት መመለሻ እንደሌለው፣ ሁሉንም እንደሚነካ፣ ሰውነት ሥራውን ፈጽሞ እንደሚያቆም ይገባቸዋል። ልጅሽ 10 ዓመቱ ነው፣ ይገባዋል። «አይሞትም» ብለሽ አትማይለት። «አባዬ ከባድ ሕመም አለበት። ማሽኑ ግን ኩላሊቱ የማይሠራውን ይሠራለታል፤ ብዙ ሰዎች በዚህ ዓመታት ይኖራሉ። አዲስ ነገር ካለ ከሌላ ሰው አትሰማም፣ እኔ ራሴ እነግርሃለሁ» በይው። ይህን ቃል ከሰጠሽ ጠብቂው። ትንሿ ፊት ደግሞ ስለ ሌላ ሰው ሞት ስታወሩ «አረፈ»፣ «ተኛ»፣ «ሄደ» አትበሉ። አባቷ ከእጥበት መጥቶ ሲተኛ በሳምንት ሦስት ቀን ታያለች።

መቼ ልንገራቸው ካልሽኝ፣ ቅዳሜ ወይም እሑድ ይሻላል። በእጥበት ቀን አይሁን፣ ባለቤትሽ ይደክመዋል። እሱም አብሮ ይቀመጥ፤ ከሱ አፍ ሲሰሙት ይረጋጋሉ። ለክፍል አስተማሪዎቻቸውም ንገሪ። አማትሽን አስቀድመሽ በአክብሮት አናግሪያቸው። የእሳቸው ጸሎትና ጸበል ለልጆቹ ትልቅ መጽናኛ ነው፣ አይቅር። «እግዜር ቀጣን» የምትለዋ ቃል ብቻ ልጆቹ በሚሰሙበት እንዳትወጣ ለምኛቸው።

ጥያቄ፦

ሦስት ዓመት ተኩል የሆናት ልጅ አለችኝ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ስታይ ትንፋሿ እስኪያጥር ትጮኻለች። ፋርማሲ እንኳን አትገባም። እውነቱን ልናገር፣ ቤት ውስጥ ስትረብሽ «መርፌ ትወጊያለሽ» እንላታለን። ለክትባትም ስንወስዳት «ከረሜላ ልንገዛ ነው» ብለን ነው። ምን ይሻላል?

አባት፣ ከፒያሳ

መልስ፦

ወንድሜ፣ ጥፋቱን ራስህ አግኝተኸዋል። መርፌ በእናንተ ቤት የጥፋት ቅጣት ሆኗል፤ ልጅህም እንደ ቅጣት ፈራችው። ከዛሬ ጀምሮ ያቺ ቃል ከቤታችሁ ትውጣ። አያቷም፣ ሠራተኛዋም፣ ጎረቤትም እንዳይሏት ንገራቸው።

ለሕክምና ስትወስዷት አትዋሹ። በዚህ ዕድሜ ቀደም ብሎ መንገሩ ያስጨንቃታል፤ እዚያው ቀን ጠዋት ይበቃል። «ትንሽ ያማል፣ ቶሎ ያልፋል፣ እኔ እይዝሻለሁ» በላት። «አያምም» አትበላት፤ ካመማት ሁለተኛ አታምንህም። ስትወጋ ጭንህ ላይ አስቀምጣት እንጂ አልጋ ላይ አስተኝታችሁ በግድ አትያዟት። ከረሜላውን ገዝተህ ስጣት፣ ግን ስትጨርስ ይሁን። ቤት ደግሞ መርፌ የሌለው ባዶ ስሪንጅ ስጧትና አሻንጉሊቷን ትውጋ። አንተንም ትውጋህ። ስትወጋህ ጩኽ። ከዚያ ስታባብልህ ታያለህ።

ጥያቄ፦

ሲስተር፣ 13 ዓመቴ ነው። የምኖረው ስድስት ኪሎ ነው። እናቴ ስኳር አለባት፣ ኪኒን ትወስዳለች። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ እግር ይቆረጣል፣ ዓይን ይጠፋል ይላል። ሌሊት እየተነሳሁ እየተነፈሰች መሆኗን አያለሁ። ለማንም አልነገርኩም። እሷ ጠንካራ ናት፣ እንድትጨነቅ አልፈልግም።

መልስ፦

ልጄ፣ ስለጻፍሽልኝ አመሰግንሻለሁ። ሌሊት እየተነሳሽ ስታዳምጪ አሰብኩሽና ሆዴ ባባ።

ያነበብሽው ውሸት አይደለም። ግን የሚሆነው ስኳሩ ለብዙ ዓመታት ሳይቆጣጠሩት ሲቀር ነው። መድኃኒቱ፣ ምግቡ፣ እግርን በየቀኑ ማየቱ፣ ዓይንን በየዓመቱ መመርመሩ ያንን ለመከላከል ነው። እናትሽ ኪኒኗን የምትወስደው ለዚህ ነው። ኢንተርኔቱ የሁሉንም ሰው በሽታ በአንድ ላይ ይነግርሻል። የእናትሽን አይነግርሽም። የእናትሽን የሚያውቀው ክትትል የምታደርግበት ሐኪም ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮዋ አብረሻት ሂጂ። ጥያቄዎችሽን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ያዢ። ሦስት ወይም አራት ይበቃሉ። ሐኪሙ ለእናትሽ ሲናገር አንቺም ስሚ።

አንድ ነገር አሁኑኑ እወቂ። አንዳንድ የስኳር መድኃኒት ስኳርን ከመጠን በላይ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ይርበዋል፣ ግራ የተጋባ ይመስላል። ነቅታ መዋጥ ከቻለች በስኳር የጣፈጠ ሻይ ወይም ለስላሳ ትስጫታለሽ፤ ትልቅ ሰው ትጠሪያለሽ። መዋጥ ካልቻለች ምንም አፏ ውስጥ አታድርጊ፣ ቶሎ ወደ ሕክምና ትወሰድ። ይህን ያወቀች ልጅ ሌሊቱን ሙሉ መጠበቅ አያስፈልጋትም።

እናትሽ እንዳትጨነቅ ብለሽ ዝም እንዳልሽ ጽፈሻል። እሷም አንቺ እንዳትጨነቂ ብላ ዝም ብላ ይሆናል። አፍ አውጥተሽ መጀመር ከከበደሽ፣ ቅዳሜ ቡና ስታፈላ ይህን ገጽ ገልጠሽ ከረከቦቱ አጠገብ አስቀምጪላት። ስታነብ አጠገቧ ሁኚ።